«አበል አለው ወይ?» ብሎ ለጠየቀሽ ተማሪ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከቱሉ ዲምቱ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከተማው ዳር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ጋዜጠኝነት አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዓመቴ ነው። 46 ተማሪዎች አሉኝ። ስቱዲዮ የለንም። አንድ ካሜራ አለ፣ እሱም ለምረቃ ቀን ብቻ ነው የሚወጣው። በዚህ ሴሚስተር ሌክቸሩን ቀንሼ በሴሚናርና በወርክሾፕ ላስተምር ብዬ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ሴሚናር ላይ ሦስት ልጆች አወሩ፣ 43ቱ ዝም ብለው አዩን። በሚቀጥለው ወርክሾፕ አለ ስላቸው ደግሞ አንዱ እጁን አውጥቶ ‹አበል አለው ወይ?› አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ‹ኮርሱን ጨርሺ፣ ጨዋታ አታብዢ› ብለውኛል። ባልደረባዬ ደግሞ ‹ጋዜጠኛ ክፍል ውስጥ አይሠራም፤ ጳውሎስ ኞኞ የትኛው ወርክሾፕ ገብቶ ነው?› ይለኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ከቀጠልኩስ ከየት ልጀምር? የሚፈቅዱ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ወርክሾፕ በእርስዎ የመክፈቻ ንግግር ብናስጀምር ደስ ይለኛል።»

እህቴ፣ አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ። ጋሼ ካልሽኝ በኋላ እርስዎ እያልኩ ብጽፍልሽ ሁለታችንንም ይጨንቀናል።

ከልጁ ቀልድ ልጀምር። ሳቅሁ፤ ግን ልጁ አልተሳሳተም። እኛ አገር ወርክሾፕ ሲባል ሰው የሚታየው ሌላ ነገር ነው። የሆቴል አዳራሽ። ከመድረኩ ጀርባ ባነር። በየሰዉ ፊት የታሸገ ውኃ። አርማ የታተመበት ቦርሳ፣ ውስጡ ደብተርና እስክሪብቶ። ሦስት ሰው ንግግር ያደርጋል፣ አንድ ሰው ጽሑፍ ያቀርባል፣ ውይይቱ «በጊዜ እጥረት ምክንያት» ይታጠፋል። ከምሳ በኋላ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ማምሻውን ግን ሁሉም ይመለሳል፤ ፊርማ አለ። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከእናንተ ደጅ ነው። ወርክሾፕ የሚሄደውን ሕዝብ ተማሪዎችሽ ሲያልፍ ሳያዩት አይቀሩም።

በጋዜጠኛ ደግሞ ይብሳል። ሌላው ሰው ወርክሾፕ ይካፈላል፤ ጋዜጠኛ ግን ወርክሾፑን ራሱን ዜና አድርጎ ይመለሳል። እኔም ከዚህ ጉድ አላመለጥኩም። ጀማሪ ሪፖርተር ሳለሁ አንድ ዐውደ ጥናት ላይ ተላክሁ። በር ላይ ፕሮግራሙንና የመክፈቻ ንግግሩን በወረቀት አደሉን። ኃላፊው ዘገዩ። ሰዓቱ ሄደ። ንግግራቸው በእጄ ነው፣ ምን እጠብቃለሁ ብዬ ሹልክ አልኩ። ቢሮ ገብቼ ከወረቀቱ ላይ ጻፍኩት፤ «ኃላፊው በመክፈቻ ንግግራቸው እንዳስገነዘቡት» ብዬ። ማታ ተላለፈ። በነጋታው ስልክ መጣ። ኃላፊው ሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሟቸው ጭራሽ አልመጡም። ያልመጣ ሰው ሳስገነዝብ አደርኩ ማለት ነው።

የዚያ ዜና ወረቀት እስከ ዛሬ አለኝ።

እና መጀመሪያ ቃሉን ከሆቴል አውጥተሽ ወደ ጋራዥ መልሺው። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ እስከ እናንተ ድረስ መንገዱ ግራና ቀኝ ጋራዥ ነው። ልጆቹ ያውቁታል። ሜካኒክ ስለ ሞተር የመክፈቻ ንግግር አያደርግም። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ያዳምጣል፣ «ይቺ ድምፅ ከምን መጣች?» ይላል። ለሚጽፍ ሰው ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ማለት ረቂቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ ረቂቅ ከሌለ ወርክሾፕ የለም፤ ስብሰባ ነው። ሴሚናር ደግሞ ሁሉም አንድ ነገር ቀድሞ አንብቦ ይመጣና አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ መሃል ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሴሚናርሽ ላይ 43ቱ ዝም ያሉት ለምን ይመስልሻል? የሚያወሩበት ነገር በእጃቸው አልነበረማ። ሦስቱ ያወሩት እኮ የትም ቢሆን የሚያወሩ ልጆች ናቸው። በየክፍሉ አሉ፣ ታክሲ ውስጥም አሉ።

ይህ ነገር ከፈረንጅ የመጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። ቅኔ ቤት ምን እንደሚደረግ አስቢ። መምህሩ ሲቀኙ ተማሪው ይሰማል። ከዚያ የራሱን ሊቆጥር ከሰው ርቆ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። መጀመሪያ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው የሚታሸው። ሲጨርስ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ መትቷል? ሰሙ ከወርቁ ገጥሟል? የጎደለው እዚያው ይታረማል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። ስለ ቅኔ ሦስት ወር ንግግር አድርጎ በአራተኛው ወር «እውነት ወይም ሐሰት በል» የሚል መምህር ሰምቼ አላውቅም። አንቺ የጀመርሽው ነገር አያቶቻችን ደበሎ ለብሰው የተማሩበት ነው። ለኃላፊው የውጭ ምሳሌ ካስፈለገም አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በ1908 እ.ኤ.አ. ሲከፈት፣ ተማሪዎቹ ትምህርት በተጀመረበት በዚያው ቀን ጋዜጣ አወጡ። ሌክቸሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም።

አሁን ወደ 46ቱ። 46 ሰው ክብ ሠርቶ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም ለቅሶ ቤት ይመስላል። ለሁለት ክፈያቸው። 23 እና 23። አንዱ ቡድን ክፍል ሲገባ ሌላው በዚያው ሰዓት ሰፈር ወጥቶ ይሠራል። በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ እያንዳንዱ ቡድን ክፍል የሚገባው 8 ጊዜ ነው። በአንድ ቁጭታ ሦስት ረቂቅ ብታዩ 24 ተራ አለ ማለት ነው። ተማሪው 23 ነው። አንድ ተራ ተረፈ።

የመጀመሪያው ቡድን ትርፍ ተራ ያንቺ ነው። አትሳቂ። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ያንቺ ይሁን። ያልጨረስሽው፣ የምታፍሪበት። እነሱ ሲያርሙት ተቀምጠሽ ስሚ። መምህሯ ታርማ ካልሞተች እኔም አልሞትም ይላሉ። የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ላይ በኋላ እንነጋገራለን።

ተራው በምን ይወሰን? በዕቁብ። ለእያንዳንዱ ቡድን 23 ወረቀት ጠቅልይ፣ ጣሳ ውስጥ ጨምሪ፣ ይሳቡ። ዕቁብ የማያውቅ ተማሪ የለሽም። ዋናው ግን ዕጣው አይደለም። ዕቁብ የደረሰው ሰው መክፈሉን ያቆማል? አያቆምም። እዚህም እንደዚያው ነው። ረቂቅሽ በሦስተኛው ሳምንት ታየ ማለት እስከ መጨረሻው የሌላውን ማንበብ አለብሽ ማለት ነው። ይህን የመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው፣ በዚሁ ቃል። «የበላ አይጠፋም» በያቸው። ማርክም ስጪበት፤ ለራስ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በሌላው ጽሑፍ ላይ ለጻፉት አስተያየት።

ረቂቆቹ በዋዜማው በቴሌግራም ግሩፓችሁ ይላኩ። ካርድ ለሌለው ልጅ ግን ሁለት ሦስት ኮፒ አስነሺ። መብራትም ይጠፋል፣ በፕሮጀክተር አትተማመኚ። ወረቀትና እስክሪብቶ ማንንም አያሳፍርም።

ከዓመታት በፊት ወደ ጣፎ መውጫ አንድ ኮሌጅ ውስጥ በትርፍ ሰዓት አስተምር ነበር። አንዷ ተማሪዬ ረቂቅ ይዛ መጣች። መጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ «በአካባቢው ከፍተኛ የትራንስፖርት ችግር መኖሩን ነዋሪዎች ገለጹ።» ልጆቹ «አሪፍ ነው፣ ዜና ይመስላል» አሏት። ይመስላል። ችግሩ እሱ ነው። አንዱ ከኋላ፣ ሁልጊዜ ዝም የሚል ልጅ፣ «ስንት ነዋሪ ነው?» አለ።

«ሦስት» አለች።

«የት አገኘሻቸው?»

«ሰልፍ ላይ።»

«አንቺ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»

«እኔም ተሰልፌ ነበር።»

ከዚያ ጥያቄው መዝነብ ጀመረ። ስንት ሰዓት መጣሽ? ከፊትሽ ስንት ሰው ነበር? አውቶቡሱ መቼ መጣ? ስንት ሰው ጫነ? ማን ቀረ? ልጅቷ ቀስ እያለች ሁሉንም ታስታውስ ጀመር። ጠዋት 12 ሰዓት ከ10 ነው የደረሰችው። ከፊቷ ያለውን ሰው ቆጥራ ነበር፣ ስለሰለቻት። 61። አውቶቡሱ 1 ሰዓት ከ25 ላይ መጣ። አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው በርጩማ ይዘው መጥተው ሰልፉ ሲራመድ በርጩማውን እየጎተቱ ይራመዳሉ። በርጩማ! ይህ ሁሉ በረቂቁ ውስጥ የለም። ለምን አልጻፍሽውም ስላት ምን አለች መሰለሽ? «ይሄ ዜና አይደለም ብዬ።»

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ጻፈችው። ሰዓቱ፣ 61 ሰው፣ በርጩማው። «ገለጹ» የምትለዋ ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ቀረች። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ የተናገርኩት ከአምስት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። ስለ መሪ አንቀጽ ሁለት ሰዓት ሌክቸር ከዚያ በፊት ሰጥቻቸው ነበር። ደብተራቸው ላይ በደንብ ተጽፏል፤ ረቂቃቸው ላይ ግን የለም።

ይቺን «ገለጹ» አደራ። ከእሷ ጋር «አሳሰቡ»፣ «አስገነዘቡ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ» የሚባሉ እህትማማቾች አሉ። አንድ ወርክሾፕ ለእነሱ ብቻ ስጪ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣ ጋዜጣ ነው፤ ከድሮዎቹ አንድ ገጽ፣ ከዘንድሮው አንድ ገጽ ኮፒ አድርጊና እነዚህን ግሦች በቀይ ያክብቡ። ከዚያ እያንዳንዱን «አለ» ወይም «አለች» በሚል ይተኩ። ምን እንደሚፈርስ ይዩ። አንዳንዱ ዜና ግሡ ሲነሣበት ምንም አይቀረውም። ሳቅ ይበዛል፣ ትምህርቱ ግን ይገባል።

አንድ ነገር ልብ በይ። እኛ አገር ሰብሰብ ብሎ የሰው ሥራ መተቸት ጥሩ ስም የለውም። ወላጆቻቸው «ሂስና ግለ ሂስ» ሰምተው አድገዋል። «ግምገማ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዛሬም ሆዳቸው የሚያመው ሰዎች አውቃለሁ። ልጆቹ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ «በጣም አሪፍ ነው፣ በርቺ» ብለው ያልፋሉ፣ ወይ ቂማቸውን ይወጣሉ። ሁለቱም አይጠቅምም። ስለዚህ የንግግሩን መልክ አንቺ ወስኚ። «አንተ ተሳስተሃል» የለም፤ «እዚህ መስመር ላይ ጠፋሁ» አለ። አስተያየት ከመስጠት በፊት ጥያቄ። የሚጠየቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ይህን ከየት አወቅሽው? አየሽው፣ ሰማሽው ወይስ ገመትሽው? ጸሐፊው መልስ ሲሰጥ ይመልስ፣ ጽሑፉን ግን አይከላከል። አንባቢ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያነብ ጸሐፊው አጠገቡ ሆኖ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» አይለውም።

ዝም ለሚሉትም መላ አለ። እኛ ልጅ ስናሳድግ ትልቅ ሲናገር ዝም ያለውን ጨዋ እንላለን። 18 ዓመት ጨዋ የተባለ ልጅ አንቺ ክብ ስላስቀመጥሽው ብቻ አይናገርም። ከማውራቱ በፊት ይጻፍ። ሦስት ደቂቃ ስጪ፣ ሁሉም በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይጻፍ፣ ከዚያ እንደ ጽዋ ማኅበር በዙር ያንብብ። የጻፈውን ማንበብ ከመናገር ይቀላል። ካነበቡ በኋላ ዝምታ ከሆነ አንቺም ዝም በይ። በሆድሽ እስከ 20 ቁጠሪ። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። እኔ 11 ላይ ነበር የሚያቅተኝ።

ሴሚናሩ ላይ ደግሞ ምን ይቅረብ? «የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር መርሆዎች» የሚል ርእስ አታቅርቢ። እንቅልፍ ነው። አንድ ጉዳይ አምጪ። እኔ ብሆን ቆሼን አመጣ ነበር። ከተማው ዳር ነው፣ የእኛው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ረጲ ያለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ቤት ከነሰዉ ቀበረ። የሞቱት ከ110 በላይ ናቸው። ይህ ቁጥር ግን በአንድ ሌሊት አልታወቀም። አስከሬን በተገኘ ቁጥር ለቀናት እያደገ ሄደ። እንግዲህ ጠይቂያቸው። እሁድ ጠዋት ነው፣ ዜና ክፍል ነሽ፣ ምን ቁጥር ትጽፊያለሽ? ማን አለ ብለሽ? ጎረቤቶች ከባለሥልጣን የበለጠ ቁጥር ቢነግሩሽስ? ልጇን የምትፈልግ እናት አፍ ላይ ማይክ ትደቅኛለሽ? እዚያ የሚኖረውን ሰው «የቆሼ ሰዎች» ብለሽ ትጠሪዋለሽ? ለአንዱም በመጽሐፍ የተጻፈ ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ሁለት ሰዓት አይበቃሽም። በቅድሚያ ግን ተማሪዎችሽ ውስጥ እዚያ ዘመድ ያጣ እንዳለ ቀስ ብለሽ አጣሪ። ካለ ከክፍሉ በፊት ለብቻው አነጋግሪው፤ ይናገር ወይ ዝም ይበል እሱ ይምረጥ።

የሚወጣው ቡድን ጉዳይ አለ። ያለ ወረቀት እንዳይወጡ። ከኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት፣ የተማሪው ስምና የትምህርቱ ስም የተጻፈበት። ሰፈሩ አዲስ ነው፣ ሰው ሰውን ገና አያውቅም፣ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ልጅ ሲያይ ይጠራጠራል። መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ ሰላምታ፣ ከዚያ ማንነትን መናገር። ስልኩ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ አስፈቅዶ። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ። ሩቅ አይሂዱ። ኮንዶሚኒየም ሥር ያለው ጉልት፣ የባጃጅ ተራው፣ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ብሎክ ለአንድ ሴሚስተር ይበቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሥራ አሠሪያቸው። ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ የመረጃ ጥያቄ ያስገቡ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመጠየቅን ነጻነት ይሰጣል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ስለዚህ ከሴሚስተሩ አጋማሽ በፊት ወይ መልስ፣ ወይ እንቢታ፣ ወይ ዝምታ በእጃቸው ይኖራል። ሦስቱም የሴሚናር ርእስ ነው። የመዝገብ ቤት ቁጥር ተቀብሎ መምጣት ራሱ ትምህርት ነው፤ እኔ ቁጥሩን ሳልቀበል ወጥቼ ሁለት ጊዜ «ደብዳቤህ አልደረሰንም» ተብያለሁ።

ስቱዲዮ የለንም ላልሽው፦ ጋቢ አለ? ስልኩን ይዞ ጋቢ ተከናንቦ ያነበበ ድምፅ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ከተነበበ ድምፅ ይሻላል። ማስተጋባቱን ጨርቁ ይበላዋል። የቆመ መኪና ውስጥም ደኅና ነው። የእናንተ ሠፈር የከባድ መኪና ድምፅ ስለማያባራ በማለዳ ይቅረጹ። እኛ በመስክ ሥራ ላይ የሆቴል ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ያነበብነውን ሰው በሬዲዮ ሰምቶ ማን ጠረጠረ?

ከስልክ የተገለበጠ ወይም ማሽን የጻፈላቸው ጽሑፍ ይዘው የሚመጡም ይኖራሉ። ፖሊስ አትሁኚ። ከረቂቁ ጋር የማስታወሻ ደብተሩ ይምጣ በያቸው፤ ስም፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ በእጅ የተጻፈ። «ከየት አወቅሽው?» የሚለው ጥያቄ ቀሪውን ይጨርሰዋል። በርጩማ ይዘው የሚሰለፉ ሽማግሌ ከየትም አይገለበጡም።

ኃላፊውን በተመለከተ አትጣዪ። እሳቸውም የሚጠየቁት አለ፤ ኮርሱ መሸፈኑን የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋሉ። ስጫቸው። ኮርስ አውትላይኑን አትለውጪው፣ ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጪው። ለሦስቱ ረቂቆች ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ የ20 ደቂቃ ሌክቸር። ስለ ምንጭ አጠቃቀም የምታስተምሪው ልጆቹ ምንጭ አጥተው ካፈሩ በኋላ ነው፤ ያኔ ጆሮ አለ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ክላሰር ይኑር። የመጀመሪያው ረቂቅ፣ የተሰጠው አስተያየት፣ የመጨረሻው ጽሑፍ፣ አንድ ላይ። ኃላፊው ሲመጡ ሦስት ክላሰር መርጠሽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪ። አንዷን ደካማ ተማሪ አትደብቂ፤ የእሷ ለውጥ ነው ጎልቶ የሚታየው።

ባልደረባሽ ያነሣው የጳውሎስ ነገር ግን ደስ ብሎኛል። እውነት ነው፣ ጳውሎስ ጋዜጠኝነትን በዩኒቨርሲቲ አልተማረም። ግን በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ነበረው። አንባቢ ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። ሰውየው በየጊዜው አንባቢ ፊት ይቀርብ ነበር ማለት ነው። ተማሪዎችሽ ሦስት ዓመት ሲጽፉ ስንት አንባቢ አላቸው? አንቺ ብቻ። አንቺም 46 ወረቀት እያረምሽ በእኩለ ሌሊት። ወርክሾፑ ለእያንዳንዳቸው ፊት ለፊት የተቀመጡ 22 አንባቢዎች ይሰጣቸዋል። ለባልደረባሽ ይህን ንገሪው። ካላመነ አንድ ሐሙስ ይምጣና ይቀመጥ፤ ቦታ አለ።

ከዚያም ዓምድ አንድ ሥራ ስረቂ። እያንዳንዱ ተማሪ ከጉልት ነጋዴ ወይም ከባጃጅ ሹፌር አንድ ጥያቄ ያምጣ። «ውኃው ለምን ማክሰኞ ብቻ ይመጣል?» ይሁን፣ «ይቺ መንገድ መቼ ነው አስፋልት የምትሆነው?» ይሁን። ሄዶ ያጣራ። መልሱን ከ80 ቃል ሳያልፍ ይጻፍ። ከዚያ ጥያቄውን ለጠየቀው ሰው ተመልሶ ያንብብለት። ሴትዮዋ ቲማቲሟን እየደረደረች «እሱማ ውሸት ነው፣ ትናንት መጥቷል» ካለችው፣ እኔም አንቺም ልናስተምረው የማንችለውን ተማረ።

የመክፈቻ ንግግሩን ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አላደርግም። ባነርም እንዳታሠሪ። የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ተራ ላይ ግን በኋላ እንነጋገራለን ብዬሽ ነበር፤ እሱን ለእኔ ስጪኝ። ያንን ያልመጣ ሰው ያስገነዘበበትን ዜናዬን 23 ኮፒ አስነሥቼ እመጣለሁ። ልጆቹ ይጠይቁኝ፤ ይህን ከየት አወቅህ ይበሉኝ። ለዚያ «አበል አለው ወይ?» ላለሽ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ እሱ እንዲጠይቀኝ ንገሪልኝ። አበል የለም በይው፤ ቡና ግን እኔ እጋብዛለሁ። ከቃሊቲ በኋላ የትኛው ታክሲ እናንተ ጋ እንደሚያደርስ ብቻ ጻፊልኝ።